የመገጣጠሚያ ብግነትን በቁጥር መከታተል፦ ስለ ጥምር ነጥብ አሠራር

በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ማለዳ ተነሥቶ «ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» የሚል ሰው ከጎረቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ብርድ ገብቶብህ ነው» የሚል ነው። ቁርጥማት፣ ሪህ፣ ብርድ የሚሉት የተለመዱ ስሞች መነሻቸውም ሕክምናቸውም የተለያየ በርካታ ሕመሞችን በአንድ ላይ ጠቅልለው ይይዛሉ። ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ሲሆን፣ በጊዜ ካልታከመ መገጣጠሚያን መልሶ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ ያበላሻል።

እኛ የፊዚክስ መምህራን ስለዚህ ሕመም ለመጻፍ የተነሣነው የሕክምና ባለሙያዎችን ድርሻ ለመሻማት አይደለም። የሕመሙ አለካክ በክፍል ውስጥ የምናስተምራቸውን ቁም ነገሮች፣ ማለትም የመለኪያ ስሕተትን፣ ሎጋሪዝምን፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚዘቅጡ ነገሮችን እንቅስቃሴ፣ አንድ ላይ አሰባስቦ የያዘ በመሆኑ ነው። አንባቢያን ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ እርሳስና የሒሳብ ማሽን በአጠገባቸው ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

ሕመሙና የመለካት ችግሩ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚከሠተው የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ባዕድ አካልን መዋጋት ሲገባው የመገጣጠሚያዎችን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ማጥቃት ሲጀምር ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ውሎ ሲያድርም በአጠገቡ ያለውን ልም አጥንትና አጥንት መሸርሸር ይጀምራል። በዓለም ላይ ከ100 እስከ 200 ከሚሆኑ አዋቂዎች መካከል አንዱን ገደማ የሚያጠቃ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእጅና ከእግር ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ነው፤ ቀኝና ግራን በአንድነት ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር ያስከትላል። የዩሪክ አሲድ ጠጣሮች በመገጣጠሚያ ውስጥ ተጠራቅመው ከሚያመጡት እውነተኛው ሪህም የተለየ ነው።

ትኩሳትን በቴርሞሜትር፣ የደም ግፊትንም በግፊት መለኪያ እንለካለን። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን አንድ ቴርሞሜትር የለውም። ያበጡት መገጣጠሚያዎች ቢቆጠሩ ሕመሙን አይናገሩም። ሕመሙ ቢጠየቅ ከሌላ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራው በራሱ ምክንያት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ታካሚው ስለ ራሱ የሚሰጠው ግምትም ከሰው ሰው ይለያያል። እያንዳንዱ መለኪያ የእውነቱን ከፊል ብቻ ስለሚያሳይ፣ ተመራማሪዎች ከፊሎቹን አንድ ላይ የሚያዋሕድ ቁጥር ወደ ማዘጋጀት አመሩ። ይህ ቁጥር ጥምር ነጥብ ይባላል።

የጥምር ነጥብ ሐሳብ ለተማሪዎች እንግዳ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አማካይ ውጤት ራሱ ጥምር ነጥብ ነው። የአራት ክሬዲት ትምህርት ከአንድ ክሬዲት ትምህርት ይልቅ አራት እጥፍ ይመዝናል፤ ሁሉም በየክብደታቸው ተባዝተው ይደመሩና አንድ ቁጥር ይወጣል። ሆኖም አማካይ ውጤታቸው እኩል 3.0 የሆነ ሁለት ተማሪዎች አንዱ በሒሳብ ብርቱ፣ ሌላው በሒሳብ ደካማ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጥምር ነጥብ ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚህ አንድ ባሕርይ ይመነጫል፤ ብዙውን ወደ አንድ ይሰበስባል፣ ሲሰበስብም ይሸፍናል።

ዳስ 28 እና አሠራሩ

በሰፊው የሚሠራበት ጥምር ነጥብ ዳስ 28 ይባላል። የመጀመሪያው ዳስ በኔዘርላንድስ በናይሜኸን ከተማ እ.ኤ.አ. 1990 ቀረበ፤ 28 መገጣጠሚያዎችን ብቻ የሚጠይቀው አጭሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1995 ታተመ። የናይሜኸን ተመራማሪዎች ቀመሩን ያገኙት ከምኞት ሳይሆን ከተግባር ነው። ሐኪሞች ሕመሙ በርትቷል ብለው ሕክምና የለወጡላቸውን ታካሚዎችና ሕመሙ ጋብ ብሏል ብለው የተዉአቸውን ታካሚዎች በመለየት፣ የትኞቹ መለኪያዎች በምን ያህል ክብደት ሁለቱን ወገኖች እንደሚለዩ በስታቲስቲክስ አሰሉ።

የሚመረመሩት 28ቱ መገጣጠሚያዎች ሁለቱ ትከሻዎች፣ ሁለቱ ክርኖች፣ ሁለቱ የእጅ አንጓዎች፣ አሥሩ የጣት ሥር መገጣጠሚያዎች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት አሥሩ የጣት መገጣጠሚያዎችና ሁለቱ ጉልበቶች ናቸው። መርማሪው እያንዳንዱን በጣቱ እየተጫነ ሁለት ነገር ይመዘግባል፤ ያማል ወይስ አያምም፣ አብጧል ወይስ አላበጠም። ከዚህ በኋላ ቀመሩ እንደሚከተለው ነው፦

ዳስ 28 = 0.56 × √ሕ + 0.28 × √እ + 0.70 × ሎግ(ዝ) + 0.014 × ስ

በዚህ ቀመር ሕ ሲነኩ የሚያሙት መገጣጠሚያዎች ብዛት፣ እ ያበጡት ብዛት፣ ዝ በሰዓት በሚሊ ሜትር የሚለካው የደም ዝቅጠት ፍጥነት፣ ስ ደግሞ ታካሚው ስለ አጠቃላይ ሁኔታው ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው ግምት ነው። 0 እጅግ ደህና፣ 100 እጅግ የከፋ ማለት ነው። ሎግ የተባለው ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው። ውጤቱ ከ2.6 በታች ከሆነ ሕመሙ ጋብ ብሏል፣ እስከ 3.2 ዝቅተኛ፣ ከ3.2 እስከ 5.1 መካከለኛ፣ ከ5.1 በላይ ብርቱ ነው ይባላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ታካሚ 9 የሚያሙ፣ 4 ያበጡ መገጣጠሚያዎች አሏት እንበል። የደም ዝቅጠቷ 40፣ ግምቷም 50 ነው። ስሌቱ 0.56 × 3 = 1.68፤ 0.28 × 2 = 0.56፤ 0.70 × 3.69 = 2.58፤ 0.014 × 50 = 0.70 ይሆናል። ድምሩ 5.52 በመሆኑ ሕመሙ ብርቱ ነው። ሕክምና ጀምራ ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ የሚያሙት 4፣ ያበጠው 1፣ ዝቅጠቱ 20፣ ግምቷ 30 ሆነ እንበል። አዲሱ ነጥብ 1.12 + 0.28 + 2.10 + 0.42 = 3.92 ነው። ስለዚህ በ1.6 ነጥብ ቀንሷል።

ይህ መቀነስ እውነተኛ ነው ወይስ የመለኪያ መዋዠቅ? የዳስ 28 የመለኪያ ስሕተት 0.6 ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል። በመሆኑም ነጥብ ከ3.9 ወደ 3.6 ቢወርድ የሚያስደስት ወሬ አይደለም፤ ከ3.6 ወደ 3.9 ቢወጣም የሚያስደነግጥ አይደለም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር መስፈርት ከ1.2 የበለጠ መቀነስን፣ ማለትም ከስሕተቱ እጥፍ የሚበልጠውን፣ እንደ ጉልህ ለውጥ ይቆጥራል፤ መልካም ምላሽ ለመባል ግን የደረሰበት ነጥብም ከ3.2 መብለጥ የለበትም። የምሳሌያችን ታካሚ እንግዲህ በጉልህ ተሽሏታል፤ ነገር ግን ገና ከግቧ አልደረሰችም።

ዳግም ዘርና ሎጋሪዝም ለምን አስፈለጉ?

አንባቢያን «ለምን በቀጥታ አይደመርም?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አንድም መገጣጠሚያ የማያመው ሰው አንድ ሲያመው ነጥቡ በ0.56 ይጨምራል። 16 መገጣጠሚያ የሚያመው ሰው 17ኛው ሲጨመርበት ግን ነጥቡ የሚጨምረው በ0.07 ብቻ ነው። ከጤና ወደ ሕመም መሸጋገር ከብዙ ሕመም ወደ ጥቂት የበለጠ ሕመም ከመሸጋገር ይልቅ ትልቅ ዜና መሆኑን ዳግም ዘሩ በዚህ መንገድ ይገልጻል።

ሎጋሪዝሙም ተመሳሳይ ሥራ አለው። የደም ዝቅጠት ከ10 ወደ 20 ቢያድግ ወይም ከ40 ወደ 80 ቢያድግ የሚጨመረው ነጥብ እኩል 0.49 ነው፤ ምክንያቱም ሎጋሪዝም የሚያየው ልዩነቱን ሳይሆን እጥፉን ነው። የድምፅን ኃይል በዴሲቤል፣ የመሬት መንቀጥቀጥንም በሬክተር መለኪያ ስንገልጽ የምንጠቀምበት ይኸው ጠባይ ነው። ነገር ግን ሎጋሪዝም ከታች በኩል ስሱ ነው። ዝቅጠት ከ2 ወደ 4 ሲወጣ፣ ሁለቱም ፍጹም ጤናማ ቁጥሮች ሆነው ሳለ፣ ያው 0.49 ይጨመራል። ይህን ጉዳይ በኋላ እንመለስበታለን።

ደም በቱቦ ውስጥ

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። የደም ዝቅጠት ፍጥነት ምርመራ በቀላልነቱ የሚደነቅ ነው። እንዳይረጋ የተደረገ ደም በቀጭን ቱቦ ተሞልቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከላይ የጠራው ፈሳሽ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይነበባል። ስዊድናዊው ሮቢን ፋሬዎስ እ.ኤ.አ. 1918 ክሥተቱን በሰፊው አጠና፤ የአገሩ ልጅ አልፍ ቬስተርግሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. 1921 እስካሁን የሚሠራበትን ዘዴ አቀረበ።

ብግነት መኖሩን የደም መዝቀጥ እንዴት ሊነግረን ይችላል? ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. 1851 ባስቀመጠው ሕግ መሠረት በፈሳሽ ውስጥ የምትዘቅጥ ትንሽ ድቡልቡል ነገር ፍጥነት ከእፍግታ ልዩነቱና ከሬዲየሷ ዳግም ርቢ ጋር ርቱዕ ወደራዊ፣ ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር ደግሞ ኢርቱዕ ወደራዊ ነው። የቀይ የደም ሴል እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.10 ግራም፣ የፕላዝማው 1.03 ግራም ገደማ ነው። ሴሏን ይዘቷ እኩል በሆነ ድቡልቡል ብንተካት ሬዲየሷ 2.8 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል። እነዚህን በቀመሩ ብናስገባ አንዲት ሴል ብቻዋን በሰዓት የምትዘቅጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ስምንት ሴሎች ቢጣበቁስ? ይዘቱ 8 እጥፍ፣ ሬዲየሱ 2 እጥፍ፣ ፍጥነቱም 4 እጥፍ ይሆናል፤ ይህም በሰዓት 10 ሚሊ ሜትር ነው። 64 ቢጣበቁ ሬዲየሱ 4 እጥፍ፣ ፍጥነቱ 16 እጥፍ፣ ማለትም በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህ ግምታዊ ስሌት በሴሎች መካከል ያለውን መተጓጎል የተወ ቢሆንም የምሥጢሩን ቁልፍ ይሰጠናል። ቀይ የደም ሴሎች በላያቸው ባለው ኔጌቲቭ ቻርጅ ምክንያት በተለመደው ሁኔታ ይገፋፋሉ። ብግነት ሲኖር ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል፤ ይህ ፕሮቲን መገፋፋቱን ስለሚያሸንፍ ሴሎቹ በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ። ክምሩ ያድጋል፣ ይፈጥናል። ላቦራቶሪው የሚያነበው ሚሊ ሜትር እንግዲህ የሴሎች መነባበር ውጤት ነው፤ መነባበሩም የብግነት ጥላ ነው።

ጥላ ደግሞ ከሌላም ነገር ሊመጣ ይችላል። ቱቦው ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ደሙ ይፈጥናል፤ ይህን ቦይኮት የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. 1920 አስተውሏል። ክፍሉ ከሞቀ የፕላዝማው ዝልግልግነት ስለሚቀንስ ውጤቱ ከፍ ይላል፤ በመተማ ቆላ ሙቀትና በደባርቅ ብርድ የተነበቡ ሁለት ቁጥሮች የክፍሉ ሙቀት ካልተስተካከለ በቀጥታ አይነጻጸሩም። የቀይ ሴሎች ብዛትም ወሳኝ ነው። ሴሎች ሲዘቅጡ ፕላዝማው በመካከላቸው ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ሴሎቹ ጥቂት ሲሆኑ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሲበዙ ይጠባል። ስለዚህ የደም ማነስ ያለበት ሰው ብግነት ባይኖረውም ዝቅጠቱ ይፈጥናል፤ ደሙ የወፈረ ሰው ብግነት ቢኖረውም ዝቅጠቱ ይዘገያል።

የሰሜን ተራሮች ትምህርት

በዚህ ላይ አንድ አካባቢያዊ ጥያቄ ይነሣል። ከፍታ ደምን እንደሚያወፍር በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፏል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። በሰሜን ተራሮች በ3,500 ሜትር አካባቢ ደግሞ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። የኦክስጅን ድርሻም በዚያው መጠን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ለዚህ እጥረት የሚሰጡት ምላሽ ሄሞግሎቢንን ማብዛት ነው። በሰሜን ተራሮችም እንዲሁ ቢሆን ኖሮ፣ የደገኛው የደም ዝቅጠት በወፈረ ደም ምክንያት ዝቅ ብሎ ዳስ 28 ሕመሙን አሳንሶ ባሳየው ነበር።

የተገኘው ግን ሌላ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው፣ ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድኅን ጭምር፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. 2002 አሳተሙ። አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሲሆን፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ከሚታየው ክልል የወጡ አይደሉም። በአንዲስና በቲቤት ከታዩት የተለየ ሦስተኛ የመላመድ መንገድ በመሆኑ ግኝቱ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ከፍተኛ ትኩረት አገኘ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ መሆኑን ስላሳዩ፣ የአንዱን ተራራ ውጤት ለሁሉም ደገኛ መስጠት እንደማይገባም ተረድተናል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላልና ጠቃሚ ነው። በሰሜን ደጋ ከፍታው በደም ዝቅጠት ላይ ያመጣል ተብሎ የሚፈራው ማዛባት ከአንዲስ እጅግ ያነሰ ነው። ይልቁንስ በአካባቢያችን የሚያሳስበው ሌላው ወገን ነው። የደም ማነስ፣ እርግዝና፣ የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ኢንፌክሽኖች ዝቅጠትን ከፍ ያደርጋሉ። አንድ ቀመር ከናይሜኸን ወደ ጎንደር ሲመጣ አባዦቹ አብረውት ይመጣሉ፤ የጎንደር ታካሚ ደም ግን የራሱ ታሪክ አለው።

ነጥቡ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ከላይ እንመለስበታለን ያልነውን አሁን በቁጥር እንይ። የ60 ዓመት አንዲት ሴት አንድም የሚያም ወይም ያበጠ መገጣጠሚያ የላትም፤ ግምቷም 10 ነው እንበል። ዝቅጠት በዕድሜ ስለሚጨምር ለሴቶች ዕድሜያቸው ላይ 10 ደምሮ ለ2 ማካፈል እንደ ጤናማ ጣሪያ ይወሰዳል፤ ለእርሷ 35 ነው። ነጥቧ 0.70 × 3.56 + 0.14 = 2.63 ይሆናል። መገጣጠሚያዎቿ ጸጥ ብለው ሳለ ቀመሩ «ገና አልጋበም» ይላል።

ተቃራኒውን እንይ። አንድ ወጣት 4 ያበጡ መገጣጠሚያዎች አሉት፤ የሚያመው 1፣ ዝቅጠቱ 5፣ ግምቱ 10 ነው። ነጥቡ 0.56 + 0.56 + 1.13 + 0.14 = 2.39 ነው። አራት መገጣጠሚያ አብጦ ሳለ ቀመሩ «ጋብ ብሏል» ይላል። ያበጠ መገጣጠሚያ አጥንት ሊሸረሸር የሚችልበት ቦታ በመሆኑ ይህ ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

ሦስተኛው ቦታ እግር ነው። ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣቶች በ28ቱ ውስጥ የሉም። ከደጋ መንደር ወደ ገበያ ገደል ወርዶ ገደል ለሚወጣ ገበሬ እግር የኑሮ መሣሪያ ነው፤ ሕመሙ በእግሩ ላይ ብቻ ቢሆን ግን ዳስ 28 አያየውም። ስለዚህ ጫማ አስወልቆ ማየት የቀመሩ አካል ባይሆንም የምርመራው አካል መሆን አለበት።

አራተኛው ቋንቋና ባህል ነው። «እንዴት ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአገራችን ወግ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ምስጋና እንጂ መለኪያ አይደለም። በእውነት 50 ሊል የሚገባው ታካሚ ከጨዋነት የተነሣ 10 ቢባልለት ነጥቡ በ0.56 ይወርዳል፤ ይህም ከጠቅላላው የመለኪያ ስሕተት ጋር የሚተካከል ነው። መርማሪው ሰላምታውን ከጥያቄው መለየት አለበት። «ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሊጥ ማቡካት ችለው ነበር?»፣ «እንዝርት መያዝ ችለው ነበር?» ብሎ ከጀመረ በኋላ ቁጥሩን ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ያለ ላቦራቶሪ መለካት

የደም ምርመራ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ሁሉ ጥምር ነጥብ ይቅር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. 2005 የቀረበው ሲዳይ የተባለ መለኪያ ከአራት ቁጥሮች ቀላል ድምር በቀር ምንም አይጠይቅም። ከ28ቱ የሚያሙት ብዛት፣ ያበጡት ብዛት፣ ታካሚው ከ0 እስከ 10 የሚሰጠው ግምት፣ መርማሪው ከ0 እስከ 10 የሚሰጠው ግምት ይደመራሉ። ውጤቱ እስከ 2.8 ጋብ ያለ፣ እስከ 10 ዝቅተኛ፣ እስከ 22 መካከለኛ፣ ከ22 በላይ ብርቱ ነው።

የመጀመሪያዋን ታካሚያችንን እንመልሳት። በመጀመሪያው ቀን 9 + 4 + 5 + 5 = 23፣ ማለትም ብርቱ። ከሦስት ወር በኋላ 4 + 1 + 3 + 2 = 10፣ ማለትም ዝቅተኛ። ልብ እንበል፤ ዳስ 28 በዚያው ቀን «መካከለኛ» ብሏት ነበር። ሁለቱ መለኪያዎች የተለያየ ስም የሰጡት አንዱ ስለዋሸ ሳይሆን የሚመዝኑት ነገርና ድንበራቸው ስለሚለያይ ነው። ክብደቱን አንድ ቀን በአንድ ሚዛን፣ ሌላ ቀን በሌላ ሚዛን የሚለካ ሰው መወፈሩን ወይም መክሳቱን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ታካሚ በአንድ መለኪያ፣ ቢቻልም በአንድ መርማሪ እጅ መከታተል አለበት።

ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. 1954 ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ለጤና ጣቢያዎች ባለሙያዎችን ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። 28 መገጣጠሚያዎችን በትክክል ዳስሶ መቁጠር ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በልምምድ የሚገኝ ሙያ በመሆኑ ከዚህ ባህል ጋር የሚስማማ ነው። በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ «ቁርጥማት» ከሚል ቃል ይልቅ «23» የሚል ቁጥር ቢጻፍ ቀጣዩ መርማሪ የሚነጻጸርበት ነገር ያገኛል።

መለካት ምን ይለውጣል?

«ቁጥር ማወቅ በሽታን ያድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በስኮትላንድ በግላስጎው የተካሄደና እ.ኤ.አ. 2004 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት መልስ አለው። 110 ያህል ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በየወሩ በቀድሞው ዳስ እየተለካ፣ ነጥቡ ከተወሰነው ግብ በላይ በሆነ ቁጥር ሕክምናው ይጠናከርለት ነበር። ሁለተኛው ወገን በተለመደው አሠራር በየሦስት ወሩ ይታይ ነበር። ከ18 ወራት በኋላ ሕመሙ ጋብ ያለላቸው ከመጀመሪያው ወገን 65 በመቶ፣ ከሁለተኛው 16 በመቶ ነበሩ። በሁለቱም ወገን የሚሰጡት ሜቶትሬክሴትን የመሳሰሉ ነባርና ርካሽ መድኃኒቶች ነበሩ፤ ውድ የሆኑት አዳዲስ መድኃኒቶች አልተጨመሩም። ልዩነቱን ያመጣው ቁጥሩ ብቻውን ሳይሆን ቁጥሩ በተነበበ ቁጥር ውሳኔ መከተሉ ነው።

ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዓመት ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ለብዙው ሕዝብ ሩቅ ናቸው። መቁጠር፣ መመዝገብና መልሶ መቁጠር ግን ሩቅ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እናክላለን። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝና ክትትል ከቶ አይወሰድም። ጠዋት ጣቶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚገተሩበት፣ በሁለቱም እጆቹ ላይ እብጠት ያየ ሰውም «ብርድ ነው» ብሎ ወራት ከማሳለፍ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል፤ የአጥንት መሸርሸር የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነውና።

ባጠቃላይ ጥምር ነጥብ ሕመሙ ራሱ አይደለም፤ ሕመሙን የምናይበት መሣሪያ ነው። መሣሪያውን የሚጠቀም ሰው ምን ምን እንደገባበትና እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚመዝን ሊያውቅ ይገባል። ውጤቱ ከዐይኑና ከእጁ ጋር ባልተስማማ ጊዜም ወደ አራቱ ክፍሎች ተመልሶ አንድ በአንድ መመርመር አለበት።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የደም ዝቅጠት ከ10 ወደ 20 ቢወጣና ከ60 ወደ 120 ቢወጣ ዳስ 28ን ይበልጥ የሚጨምረው የትኛው ነው?

2. አንድ ታካሚ በመጀመሪያ ሕ = 16፣ እ = 9፣ ዝ = 50፣ ስ = 60፤ በኋላ ሕ = 9፣ እ = 4፣ ዝ = 30፣ ስ = 50 ሆነ። ለውጡ ጉልህ ነው? ሕመሙስ አሁን በየትኛው ደረጃ ላይ ይገኛል?

3. አንዲት ቀይ የደም ሴል በሰዓት 2.5 ሚሊ ሜትር የምትዘቅጥ ከሆነ፣ የ27 ሴሎች ክምር በስቶክስ ሕግ ግምት ስንት ይዘቅጣል?

መልስ፦ 1. እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 0.49 ይጨምራሉ። 2. ነጥቡ ከ6.66 ወደ 5.32 ወርዷል፤ የ1.34 ለውጥ ጉልህ ነው፤ ሕመሙ ግን ከ5.1 በላይ በመሆኑ አሁንም ብርቱ ነው። 3. ሬዲየሱ 3 እጥፍ፣ ፍጥነቱ 9 እጥፍ ስለሚሆን 22.5 ሚሊ ሜትር።